የሰኔ ሚካኤል ስለታችን

እግዚአብሔር ያደረገልንን ይዤ ዝም ብል ደግ አይደለምና ልናገር።

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። በ1990 ዓ.ም. በባድመ ሰበብ ከኤርትራ ጋር ለተነሳው ጦርነት ከደንበጫ ዘመተ። ግንቦት 4 ቀን 1992 ትልቁ ማጥቃት ሲጀመር በምዕራቡ ግንባር ነው። ግንቦት 10 ላይ ባሬንቱ ተያዘች ተባለ። በዚያ ግንባር ለነበረው የኤርትራ ጦር ስንቁም ጥይቱም የሚያልፍባት ከተማ ናትና አገሩ ሁሉ እልል አለ። እማዬ ግን እልል አላለችም። የሬዲዮውን ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ማታ ዜና ሲጀምር እሷ እንዝርቷን ታቆማለች። ከተማ ተያዘ ይላሉ እንጂ ማን እንደሞተ አይሉም።

ልጹም አለች። የነፍስ አባታችን «ልጄ፣ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾምም ስግደትም የለም፤ መጸለዩን ግን ማን ከለከለሽ?» አሏት። ያን ጊዜ ነው «ልጄን በእግሩ ካመጣህልኝ» ብላ ለሰኔ ሚካኤል ጃንጥላ የተሳለችው። እኔም ማታ ማታ ከጎኗ ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ እንቅልፌ እየመጣ።

እዚያ የሆነውን የሰማነው በኋላ ነው። ባሬንቱ ሲገቡ ሰዉ ሸሽቶ ብዙው ቤት ባዶ ነው። አንዱ ቤት ጀበናው ምድጃ ላይ እንደተጣደ ቀርቷል፤ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል። «እኛ ቤት የገባሁ መሰለኝ፤ ተሳልሜ ወጣሁ» አለን። ጦሩም ከተማዋ ላይ ብዙ አልቆየም። ለቅቀው ሊወጡ ሲሉ ወንድሜን ወባ ጣለው፤ እየተንቀጠቀጠ ከጓደኞቹ መኪና አውርደው በሽተኛ የጫነው ላይ ወረወሩት። ያ የጓደኞቹ መኪና መንገድ ላይ ፈንጂ ረገጠ።

እዚያ የቀሩት ልጆችም እናት አላቸው፤ ተስለውላቸዋል። ለምን የእኛ ተሰማ ብትሉኝ መልስ የለኝም። የባሬንቱዋ ባለ ጀበናም የት እንደደረሰች አላውቅም። የምመሰክረው ለእኛ የሆነውን ብቻ ነው።

ሰኔ 11 ቀን አልጀርስ ላይ ተኩስ ለማቆም ተፈራረሙ። ቀኑ እሑድ ነው፤ የጰራቅሊጦስ ዕለት። ማግስቱ ደግሞ ሰኔ ሚካኤል! የልጇን መኖር እንኳ ሳታውቅ እማዬ ተነስታ መሬት ሳመች፤ «በቃ፣ ሰጠኝ» አለች። እኛማ አእምሮዋን የነካት መስሎን ተያየን። ደብዳቤው የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው፤ በገዛ እጁ የጻፈው።

በዓመቱ ጃንጥላውን ራሱ ተሸክሞ አስገባ። አሁን ቡሬ ላይ እህል ይነግዳል። ለዝክሩ በመጣ ቁጥር «እኔን ያዳነኝ ወባ ነው» እያለ ያናድዳታል።

«ወባዋንስ ማን ላካት?» ትለዋለች።