የሞተር ፋብሪካ ሲስፋፋ ጥቅለላውን ማን ይሠራዋል?

የኤሌክትሪክ ሞተር ፋብሪካ ሊስፋፋ ነው የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ከልቤ እደሰታለሁ። ሆኖም በሞተር ጥቅለላ፣ ማለትም በሞተር ውስጥ የመዳብ ሽቦ በመጠቅለል ሙያ ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ስንት ሰው ይቀጠራል ከሚለው አስቀድሞ የማስበው ጥቅለላውን ማን ይሠራዋል የሚለውን ነው።

መሐንዲሱ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. የሠራው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በመሠረቱ ዛሬም ፋብሪካዎች የሚያመርቱት ዓይነት ነው። ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ወይም ከዚያም የሳሱ የብረት ላሜራዎች ተደራርበው ስታተር የሚባለውን የማይሽከረከረውን የሞተሩን ክፍል ይሆናሉ፤ በቦዮቹ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ይጠቀለልና በቫርኒሽ ተነክሮ ይደርቃል፤ በመጨረሻም የሚሽከረከረው ክፍል ሮተሩና እሱን የሚሸከመው ኩሽኔታው ይገጠማሉ። ላሜራውን የሚቆርጠው ፈጣን ፕሬስ ማሽን ስለሆነ፣ ምርቱ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ በዚያ ክፍል የሚጨመረው ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ጥቅለላው ግን ሌላ ነው። በተለይ በትእዛዝ የሚሠሩ ትልልቅ ሞተሮች ኮይላቸው (የተጠቀለለው ሽቦ) በእጅ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው የኢንሱሌሽን ወረቀት በእጅ ይቀመጣል፣ ጫፎቹም በእጅ ይታሰራሉ፤ የአንዲት ሽቦ ሽፋን ከተላጠች ሞተሩ ሾርት አድርጎ ይቃጠላል። ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ሞተሮች ደግሞ በብዛት የሚሠሩት በቦያቸው ተጨማሪ መዳብ ታጭቆ በመሆኑ፣ ይበልጥ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ።

በአንጻሩ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆኑ ብዙ ሞተሮች በፀጉር ማስያዣ ቅርጽ በታጠፈ ወፍራም መዳብ ስለሚሠሩ፣ አጥፎ የሚያስገባውም በሌዘር የሚበይደውም ማሽን ነው። እዚያ የሚፈለገው ማሽኑን የሚጠግንና ጥራት የሚፈትሽ ቴክኒሻን ነው። ሁለቱም የሥራ ዕድል ይባላሉ፤ ነገር ግን ለአንዱ የተዘጋጀ ወጣት ለሌላው ሳይሠለጥን ሊቀጠር አይችልም።

ስለዚህ ሥልጠናው ማሽኑ እስኪተከል መጠበቅ የለበትም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። እኔን ያስተማሩኝ አንጋፋ ባለሙያ አዲስ ሽቦ ከመስጠታቸው በፊት ለወራት የተቃጠሉ ሞተሮች ያስፈቱኝ ነበር፤ የእያንዳንዱን ኮይል ዙር ቆጥሬ፣ የሽቦውን ውፍረት ለክቼ፣ አገናኙን በወረቀት ላይ እንድሥል ያደርጉኛል። የሚስፋፋ ፋብሪካ የአዲሱ አዳራሽ መሠረት ሲቆፈር ተለማማጆቹን በነባሮቹ ጠቅላዮች አጠገብ ቢያስቀምጥ፣ መስመሩ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ስታተር ብቻቸውን መጠቅለል የሚችሉ ሠራተኞች ይኖሩታል።