ባህር ሸሽ ሳርና የጣና ዳር ላም

ዝናቡ ካቆመ በኋላም ጣና ወዲያው አይጎድልም። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ውሃ እያመጡ እስከ መስከረም ማብቂያ ድረስ ይሞሉታል። ከዚያ ሐይቁ ቀስ እያለ ይሸሻል። ከኅዳር ጀምሮ ውሃው በለቀቀው፣ ባህር ሸሽ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ለምለም ሳር ይወጣል፤ በጥርና በየካቲት ዳገቱ ላይ ያለው ግጦሽ ደርቆ ሲነጣ ባህር ሸሹ ገና አረንጓዴ ነው። የጣና ዳር ከብት በጋውን የሚያልፈው በዚህ ሳር ነው። የሚከሳውም፣ አንዳንዴም የሚሞተው፣ በዚሁ ሳር ነው። ሁለት ሦስት ላም ይዞ ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ከመኖ ዋጋም ከዝርያም በፊት ማወቅ ያለበት ውሃውና እርጥቡ ሳር ወደ ከብቱ አፍ የሚገቡበትን መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጉበት ትል ነው። በትሉ የተያዘች ላም እንቁላሉን ከእበቷ ጋር ትጥላለች። እበቱ ውሃ ካገኘ እንቁላሉ በሁለት ሦስት ሳምንት ይፈለፈላል፤ የወጣው እጭ በአንድ ቀን ውስጥ ጭቃና ኩሬ ዳር የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን እዚያው ውስጧ ሁለት ወር ያህል ይባዛል። ከዚያ ወጥቶ ይዋኝና ውሃ ዳር ካለ ሳር ግንድ ላይ ተጣብቆ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ላሟ ሳሩን ስትግጥ አብራ ትውጠዋለች። ትሉ አንጀቷን በስቶ ወደ ጉበቷ ይዘልቃል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጉበቷን እየበሳ ይጓዝና ሐሞት ቱቦ ውስጥ ይሰፍራል። እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከተዋጠ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው።

ይህን ጊዜ ቆጥሮ ማወቅ የሚጠቅመው ለመድኃኒቱ ነው። በየእንስሳት መድኃኒት መደብሩ የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን፣ ሐሞት ቱቦ የደረሰውን ትል ብቻ ነው። በጥቅምት የተሰጠ አልቤንዳዞል ገና ጉበት ውስጥ የሚጓዘውን አይነካውም። ባለቤቱ መድኃኒት ሰጥቻለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ላሟ ግን በጥር ትከሳለች፤ ከዚያ «መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወሩ ነው። ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል፤ ነገር ግን ወተቷ ለሰው የሚሆን ላም እየታለበች ሳለ አይሰጣትም፤ ጊዜው ከነጠፈች በኋላ ነው። አልቤንዳዞልም በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ላለች ላም አይሰጥም፤ ስለዚህ ኮርማ ያገኘችበትን ቀን ጽፎ መያዝ ግድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ጥሩ ነው፦ አንዱ ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ጥር፣ ሌላው በግንቦት፣ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት። የግንቦቱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ላሟ በዚያ ወቅት ደህና ትመስላለችና። የግንቦቱ ጥቅም ግን ለሜዳው ነው፤ በክረምት ጎርፍ ወደ ረግረጉ የሚሄደውን እንቁላል አስቀድሞ ይቀንሳል። በጋራ ግጦሽ ላይ ደግሞ የአንድ ቤት መድኃኒት ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ አብረው የሚያግዱ ጎረቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሰጡ ነው ልዩነቱ የሚታየው።

መጠኑም ያሳስታል። ለጉበት ትል የሚሰጠው አልቤንዳዞል በኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ለሆድ ትል ከሚሰጠው 7.5 ይበልጣል። ስለዚህ ባለ 2500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ለጉበት ትል የሚበቃው ለ250 ኪሎ ከብት ነው። ሚዛን በሌለበት ክብደቱን በሜትር መገመት ይቻላል። ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ዙሪያውን ለኩ፤ ከትከሻዋ አጥንት እስከ መቀመጫዋ አጥንት ርዝመቷን ለኩ፤ ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ዙሪያዋ 150፣ ርዝመቷ 125 ሴንቲ ሜትር የሆነች ላም 260 ኪሎ ገደማ ትመጣለች። ሜትሩ ሳይላላና ሳያንቅ፣ ላሟ በአራት እግሯ እኩል ቆማ ነው የሚለካው። ክኒኑን ስትሰጡ አንገቷን ወደ ሰማይ አታንጋጡት፤ አፏን ከጀርባዋ ትይዩ ብቻ ከፍ አድርጉና ምላሷ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አስቀምጡላት። በጥብጠው በጠርሙስ የሚያጠጡ ሰዎች ወደ ሳንባዋ ካስገቡት በሳምንቱ በሳንባ ምች ያጧታል።

ምልክቱን ቀድሞ ለማየት የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣት ገልጣችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት፤ ነጣ ካለ ደሟ ጎድሏል ማለት ነው። ከመንጋጋዋ ሥር የሚንጠለጠል ለስላሳ እብጠት ካለ በጣት ተጫኑት፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ግጣ ስትመለስ ማታ ይጎላል፣ አድሮ ጠዋት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማታ በረት ስትገባ ነው መታየት ያለበት። እብጠቱ ላይ በጋለ ብረት መተኮስ ምንም አይፈይድም። ችግሩ ያለው ጉበቷ ላይ ነው።

ከመድኃኒቱ ይልቅ አያያዙ ይረክሳል። ከብቱን የውሃው ጠርዝ ላይ አታሰማሩ፤ በእሾህ አጥር ወይም በእረኛ ከጠርዙ አርቁ፤ በተለይ ጥጆችንና ጊደሮችን። የጠርዙን ሳር ከፈለጋችሁት እጨዱት። ሽፋኑ የሚጣበቀው በአብዛኛው ውሃው በሚደርስበት የግንዱ ክፍል ላይ ስለሆነ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ ከዚያም ዳገት ወስዶ እየገለበጡ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ ነው። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ሽፋኑን ለወራት ሊያቆየው ይችላል። በዚያ ላይ ይሻግታል።

አልቅትም አለ። ከረጋ ኩሬ የጠጣች ላም ምራቋ ደም ከቀላቀለ፣ ካሳላት ወይም አፍንጫዋን ደጋግማ ካራገፈች አፏን ክፈቱ። ምላሷን በደረቅ ጨርቅ ይዛችሁ ወደ ጎን ሳቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምላሷ ሥር ወይም ጉሮሮዋ አካባቢ ተጣብቆ ይገኛል። በባዶ እጅ ያዳልጣል፤ ጨው ነስንሳችሁበት ሲላላ በሻካራ ጨርቅ ያዙት። አፍንጫዋ ውስጥ ከገባ ግማሽ ቀን ውሃ ከልክሏት፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ በሳፋ አፍንጫዋ ሥር ስታቀርቡላት አልቅቱ ወደ ውሃው ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው የሚያዘው። መከላከያው ገንዳ ነው። ውሃውን ቀድቶ፣ በነጠላ አጥልሎ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ወይም በተቆረጠ በርሜል ማጠጣት። የአገር ላም በቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች፤ ለምትታለብ ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት አራት አምስት ሊትር ይጨመርላታል። ይህ ቀላል ሸክም እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ከሐይቁ ማጠጣት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ቢያንስ ጥጆቹና የምትታለበዋ ላም ከገንዳ ይጠጡ።

እምቦጭን በተመለከተ፦ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የወረረው ይህ አረም ለከብት ሲሰጥ ይታያል። ከብቱ ይበላዋል፤ ግን ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው። ሆዷን ሞልቶ ላሟን ይርባታል፤ እበቷንም ያቀጥናል። ከተሰጠም አንድ ቀን ጠውልጎ፣ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሥሩ ተቆርጦ ተጥሎ ነው።

ሳሩ ሲያልቅ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ፣ የሚቀረው የሩዝ ገለባ ነው። ፎገራ ሩዝ ከለመደ ወዲህ ገለባው ሞልቷል፤ ብቻውን ግን ላሟን ነፍሷን ያቆይላት እንደሆነ እንጂ ወተት አይሰጥም። በዩሪያ ማከም ይህን በብዙ ያሻሽላል። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ገለባው በስንዝር ውፍረት ይነጠፋል፣ ውሃው በማጠጫ ቆርቆሮ እኩል ይረጫል፣ በእግር ተረግጦ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። ሲያልቅ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጠርዙ በጭቃ ይመረጋል። ለ21 ቀን አይከፈትም። ዳገት ያለ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሐይቁ ዳር ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ጉድጓዱ ከታች ውሃ ያቁርና ገለባው ይበሰብሳል። እዚህ የሚሠራው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ፣ ከሥርም ከላይም ፕላስቲክ አድርጎ መከመር ነው።

ሲከፈት ገለባው ቡናማ ቢጫ ሆኖ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ካለው በደንብ ታክሟል። ሽታ ከሌለው አየር ገብቶበታል፤ ነጭ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበትን ጣሉት። የቀኑ ድርሻ ማታ ወጥቶ፣ ተበትኖ አድሮ፣ ጠዋት ይሰጣል። ላሟ እስክትለምደው አንድ ሳምንት ካልታከመ ገለባ ጋር ቀላቅሉላት። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃ አይሆንም። የዩሪያው ውሃ የተረፈበት ባልዲ ደግሞ ከብት በማይደርስበት ይደፋ፤ የተጠማች ላም ከጠጣችው ትንቀጠቀጣለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ በሰዓታት ውስጥም ልትሞት ትችላለች።

በዚያ ላይ ለምትታለብ ላም ከምትሰጠው ወተት ለየሁለት ሊትር ተኩሉ አንድ ኪሎ ድብልቅ ይጨመራል፦ ሁለት እጅ ፍሩሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ ለ100 ኪሎ ድብልቅ አንድ ኪሎ ጨው። አተላ ካለ ጥሩ ነው፤ የአረቄ አተላ ግን ቀዝቅዞ ነው የሚሰጠው።

አለባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀመራል። የፎገራ ላም ጥጃዋ ሳይጠባ ወተት አትለቅም፤ ጥጃው አራቱንም ጡት ጥቂት ጥቂት ከጠባ በኋላ ግንባሯ ሥር ይታሰራል። ግቷ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ለየላሟ በተለየ ጨርቅ ይደርቅ፤ እርጥብ ግት ማለብ ቆሻሻውን ማለቢያው ውስጥ ማንጠባጠብ ነው። ከየጡቱ የመጀመሪያው ወተት ጥቁር ነገር ላይ ይታለብና ይታይ፤ እንክብል ወይም ደም ካለበት ያቺ ላም መጨረሻ ላይ ለብቻዋ ትታለብ። ወተቱ ከተማ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ከሆነ ቢዶኑን ጥላ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ማቆም እንጂ የጠዋቱን ከማታው መቀላቀል አይገባም። በዐቢይ ጾም ባሕር ዳር ውስጥ ወተት ፈላጊው ስለሚቀንስ ወደ ቅቤ መዞር ነው፤ ከአገር ላም ወተት ወደ 20 ሊትር ገደማ አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣዋል፤ ለፋሲካ የሚሸጠውም ይኸው ነው።

ላም ለመግዛት ሲታሰብ መንገዱ ብዙ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ነው፤ አባይን ተሻግሮ፣ በሐሙሲት አልፎ፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ። ሜዳው ላይ ሩዝ ማሳው መካከል ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የፎገራ ከብት ማየት በራሱ መንገዱን ያስወድዳል። ዝርያው ረግረጉንም ዝንቡንም ለምዷል፤ ባህር ሸሽ ላይ ለሚያሰማራ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ደሙ በብዛት የፈረንጅ የሆነ ላም ብዙ ትታለባለች፤ ግን በረት ውስጥ ታስራ፣ ታጭዶ እየቀረበላት ካልሆነ እዚህ ዳር አትቆይም። ከመግዛት በፊት ዝርያውን አጥርቶ ለማየት የፈለገ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ቢጎበኝ ይጠቅመዋል።

ገበያ ላይ የተወጠረ ግት አያታልላችሁ፤ ሳትታለብ አድራ ሊሆን ይችላል። አራቱንም ጡት ራሳችሁ አልባችሁ እዩ። ጥጃው የሷ መሆኑን ለማወቅ ልቀቁትና ተመልከቱ፤ የራሷን አሽትታ ትልሰዋለች፣ የሰውን በቀንዷ ትገፋለች። የዓይን ቆቧንና መንጋጋዋን ከላይ እንዳልኩት ፈትሹ። ጥርሷ ከፊት ስምንቱም ተቀይሮ ካለቀ ከአራት ዓመት በላይ ናት፤ የተሸረፈና የተራራቀ ከሆነ አርጅታለች።

አይሱዙ ላይ ስትጫን ወለሉ አሸዋ ወይም ገለባ ይነስነስበት፤ የምትንሸራተት ላም ዳሌዋ ይወልቃል። ገመዱ ቆማ ራሷን ማንቀሳቀስ የምትችልበት፣ ግን እግሯን የማታሻግርበት ርዝመት ይኑረው። ጥጃው ከሌላው ከብት ተለይቶ በእንጨት ይከለል። ጉዞው በማለዳ ይሁን፤ ከሰባት ወር በላይ ያረገዘች ባትጫን ይመረጣል። ቤት እንደደረሰች ወደ መንጋው አትቀላቅሏት። ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ፣ በተለየ ገንዳ፣ ሌሎቹ ከታለቡ በኋላ እየታለበች ትቆይ፤ አፍተግርም ሆነ የቆዳ ጉርብርብ ይዛ ከመጣች በዚህ ጊዜ ይታያል። የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ስለመውሰዷ ሻጩ የሚናገረውን በወረቀት ካላያችሁ እንዳልወሰደች ቁጠሯት፤ ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ፣ ጤነኛ መሆኗ ከታየ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርታችሁ አስከትቧት።