የቀነጨረ ልጅ ሁሉ ያልበላ ልጅ አይደለም

ልጅ ከእኩዮቹ ካጠረ ጎረቤቱም ዘመዱም እናትየው ላይ ነው የሚዘምተው፣ «ምን እያበላሽው ነው ግን?» እየተባለች። እኔ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ዚምባብዌ ውስጥ የተሰሩትን ጥናቶች ላነበበ ሰው ጉዳዩ ገንፎና አጥሚት ላይ ብቻ አያልቅም።

ሃራሬ ያለው ዝቪታምቦ የሚባል የምርምር ተቋም የህፃናት ደም መርምሮ ነበር፣ ውጤቱ 2014 ላይ ወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የቀነጨሩት ልጆች ላይ አይጂኤፍ-1 የሚባለው፣ አጥንት እንዲያድግ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ገና በ6 ሳምንታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሲአርፒ ደግሞ፣ ያው ሐኪም ኢንፌክሽን ሲጠረጥር የሚያዘው የደም ምርመራ፣ እሱ ከፍ ያለባቸው ልጆች ላይ ሆርሞኑ ዝቅ ይላል። ማለት ልጁ ሳይታመም ውስጥ ውስጡን ብግነት አለበት፣ ሰውነቱ ከጀርም ጋር እየተዋጋ ነው።

ከየት መጣ ካላችሁ አንዱ መንገድ አንጀት ነው። ልጅ ሲድህ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ አፈር በሉት የዶሮ ኩስ በሉት። ተቅማጥ ላይዘውም ይችላል ግን አንጀቱ ውስጥ ምግብ የሚመጥጡት ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች እያጠሩ ይሄዳሉ፣ ግድግዳው ማሳለፍ ይጀምራል፣ የባክቴሪያ ስብርባሪ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሰውነትም ለማደጊያ የሚሆነውን ጉልበት እሱን ሲዋጋ ይጨርሰዋል።

ጂን ሃምፍሪ የምትባል ተመራማሪ 2009 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ይሄንን ይዛ እንግዲያው ሽንት ቤትና እጅ መታጠብ ከቀንጨራ ያድናል ብላ ጻፈች። አሪፍ ሃሳብ ነው። ከዛ ራሷ ከነቡድኗ ሻይን የሚባል ትልቅ ሙከራ ሰራች፣ 5,280 እርጉዝ እናቶች፣ ገጠር ውስጥ። ለአንዳንዶቹ ሽንት ቤት ተሰራላቸው፣ እጅ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ ክሎሪን ተሰጣቸው፣ ለሌሎቹ የአመጋገብ ምክርና ከ6 ወር ጀምሮ በቀን 20 ግራም የተመጣጠነ ቅባት ያለው ማሟያ ምግብ፣ ለሌሎቹ ሁለቱም።

2019 ላይ ውጤቱ ሲወጣ ሽንት ቤቱ ቁመት ላይ ምንም አላመጣም። ምንም! ምግቡ ግን በ18 ወር የቀነጨሩትን ከ35% ወደ 27% አወረደ። ጥሩ ነው፣ ግን እየተመገቡም 27ቱ ቀንጭረዋል እኮ። የራሷን ሃሳብ ፈትና አልሰራም ብላ ያሳተመች ሴት በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳላታለሁ።

እኛ አገር በ2019 ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት 37% የቀነጨሩ ነበሩ፣ የሰቆጣ ቃልኪዳን የሚባለው የመንግሥት ዕቅድ ደግሞ ከ2 ዓመት በታች ያሉትን 2030 ላይ ዜሮ እናደርሳለን ይላል። ሽንት ቤት አይቆፈር እያልኩ አይደለም፣ ለሌላ ብዙ ነገር ያስፈልጋል፣ ግን ተቆፈረ ብሎ ሪፖርት መጻፍና ልጁ አፍ የሚገባውን ጀርም መቀነስ በጣም ይለያያሉ። ዶሮው ማታ ቤት ነው የሚያድረው፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ውሃው ሩቅ ነው። ሻይን ላይ ለልጆቹ መጫወቻ ምንጣፍና አጥር ነገር ሁሉ ሰጥተው ነበር፣ ግን የሚድህ ልጅ ቀኑን ሙሉ አጥር ውስጥ እንዲቀመጥ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ እናትየው ማሳ ላይ ናት።