ከደብተሩ ኋላ፦ ልጆቼ ስለራሳቸው ትምህርት እንዲጽፉ የሞከርኩበት መንፈቅ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍሌ ውስጥ 64 ልጆች አሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር እነሱ ላይ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ። የከሸፈው ስለሚበዛ ከሱ ልጀምር።

የመጀመሪያውን ፈተና አርሜ እንደመለስኩ «ከዚህ ፈተና ምን ተማራችሁ? አንዳንድ አንቀጽ ጻፉ» አልኳቸው። 64 ወረቀት ታቅፌ ቤት ገባሁ። ቡናው ሳይፈላ አንብቤ ጨረስኩ። ምን ይነበባል? ሁሉም «ወደፊት ጠንክሬ አጠናለሁ» ነው። አንዷ እንዲያውም «ይቅርታ ቲቸር፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» ብላለች። ሳቅሁ። ኋላ ግን ከነከነኝ። ልጆቹ ንስሐ እየገቡ ነበር፤ እኔም ሳላውቀው የንስሐ አባት ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይሁን ብያቸው ነበር። ሞኝነት ነው። ስለራሱ ሐሳብ ሊያስብ የተቀመጠ ልጅ ቃል ሲፈልግ ጊዜው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ነው የሚጽፉት።

ኅዳር ላይ ጥያቄውን ለወጥኩት። ወረቀቱን ከማስረከባቸው በፊት ከ20 ስንት እንደሚያገኙ ጥጉ ላይ ይገምታሉ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ቁጥሮች ከደብተራቸው ኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ፣ ጎን ለጎን ይጽፋሉ። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ልጅ 18 ገመተ፤ 7 አገኘ። «ሦስቴ አንብቤዋለሁ እኮ ቲቸር!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንዴት እንደሚያነብ ጠየቅሁት። ደብተሩን ይገልጣል፣ ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ያያል፣ ሲያየው ይገባዋል፣ ገጹን ይገለብጣል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያው ነበርኩ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ሙከራ ትዝ አለኝ። ተማሪዎቹ አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ገሚሶቹ ደጋግመው አነበቡት፤ ገሚሶቹ ጽሑፉን ትተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሚገርመው፣ የበለጠ እንደሚያስታውሱ እርግጠኛ የነበሩት እነዚያው ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። የኔ ባለ 18 ማለት ነው። ታሪኩን ለክፍሉ ነገርኳቸው። ከዚያ «ደብተሩን ክደኑና ሥሩት» ስላቸው የመምህር ጭቅጭቅ መምሰሉ ትንሽ ቀነሰ።

ቀጥሎ ስህተታቸውን ስም እንዲሰጡት አደረግሁ። ስሞቹን ያወጡት እነሱ ናቸው፦ «ቸኮልኩ»፣ «አልገባኝም»፣ «ገባኝ ብዬ ነበር»። እኔ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው። «አልገባኝም» ያለ ልጅ ይጠይቃል። «ገባኝ ብዬ ነበር» የሚለው ግን እስኪፈተን ድረስ ማንም አያገኘውም፤ ራሱም ጭምር።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች፤ ከኋላ ወንበር። (ሀ + ለ)² ሲባል ሀ² + ለ² ብላ ስትጽፍ ኖራለች። በቀይ ብዕር ስንቴ እንዳሰመርኩበት አላውቅም። በዚያ ሳምንት ከደብተሯ ኋላ የጻፈችው ይኸው፦ «ገባኝ ብዬ ነበር። በ3 እና በ4 ሞከርኩት። 3 እና 4 ተደምሮ 7፣ 7 በ7 49። በኔ መንገድ 9 እና 16፣ 25። 24 ጠፍቶብኛል። የት እንደሄደ እየፈለግሁ ነው።»

ቀዩ ብዕሬ አፈረ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ 7 በ7 የሆነ መሬት ሳልኩና ጎኖቹን 3 እና 4 አድርጌ ከፈልኳቸው። «24ቱን ፈልጊልን» ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋት። የ9ኙንና የ16ቱን ቁራሽ አጠቆረች። ባዶ የቀሩት ሁለት ቁራሾች 3 በ4 ናቸው፤ 12 እና 12። ከክፍሉ አንዱ «ድንበር ገፍተሽ ነው እንጂ መሬቱ የትም አልሄደ!» አላት። የገበሬ ልጅ ነገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስህተት «ድንበር መግፋት» ነው የምንለው።

ይህን ለአጎቴ ባጫውታቸው ብዙም አልገረማቸው። ዋሸራ፣ እዚሁ ጎጃም፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ስንኝ ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ ይወጣል፤ ቅኔውን ለብቻው ቆጥሮ፣ ማለትም አስቦ አዘጋጅቶ፣ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ እዚያው ይታረማል። «ለብቻዬ ስቆጥረው ወርቁ ሞልቶ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር፤ መምህሩ ፊት ስቆም ሰሙ ብቻ ይቀራል» አሉኝ። ከ«ገባኝ ብዬ ነበር» በምን ይለያል? የራስን ሐሳብና ዕውቀት መልሶ መመርመርን ፈረንጆቹ «ሜታኮግኒሽን» ይሉታል። እኔ ቃሉን ኮሌጅ ገብቼ ነው የሰማሁት፤ ነገሩ ግን እቤታችን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አበላሸሁት። ልጆቹ በትጋት እንዲጽፉ ብዬ ከተከታታይ ምዘናው 5 ማርክ መደብኩበት። በሳምንቱ «ጠንክሬ አጠናለሁ» ተመልሶ መጣ፤ ያውም አምሮ ተጽፎ። ማርክ ባለበት ስህተቱን ማን ያወጣል? ወዲያው አነሳሁት። በ1 ለ 5 ቡድን እርስ በርስ እንዲነጋገሩበትም ሞክሬ ነበር፤ የአንዱ ቡድን መሪ የአምስቱንም ራሷ ጽፋላቸው አረፈች።

ነገሩን የመለሰው ያልታሰበ ነው። ኢኩዌሽን ስሠራ ነጌቲቩን ረስቼ ቀጠልኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ሰሌዳው ጥግ ላይ በትልቁ «ቸኮልኩ» ብዬ ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ሳቁ አልበርድ አለ። የዚያን ሳምንት ደብተሮች ግን ከሁሉም የበለጠ እውነት ነበረባቸው።

ድካሙን አልደብቅም። 64 ደብተር በአንድ ቀን አይነበብም። በቀን 13 አያለሁ፤ አርብ ላይ ይዳረሳል። ማረም የለም፣ ማርክ የለም፤ አንድ መስመር ጥያቄ ጽፌ እመልሳለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም የማይጽፉ አምስት ስድስት ልጆች አሉ። እነሱን በዕረፍት ሰዓት በቃል እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ኳሱ ያሸንፈኛል።

ባለ 18ቱ ልጅ በጥር ፈተና 9 ገመተ፤ 11 አገኘ። ደስ ብሎት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን አጨማዶ መጣ።

«ቲቸር፣ አሁንም በሁለት ሳትኩ» አለኝ።