ዊግ እንዳይመስል፦ ሌስ ዊግ ስመርጥና ሳዘጋጅ የተማርኩት

ዊግ መሆኑን ከሩቅ የሚያሳብቀው አብዛኛውን ጊዜ የፀጉሩ ብዛትና የግንባሩ መስመር ነው። ሻጭ ዘንድ ስትሄጂ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሌሱ፣ ፀጉሩ ስለሚታሰርበት ስስ መረብ ነው፤ «ኤችዲ ነው እኮ፣ ከተደረገ አይታይም» ትባያለሽ። እውነት ነው፣ ኤችዲ የሚባለው ሌስ በጣም ስስ ስለሆነ ቆዳ ላይ ይጠፋል። በዚያው ልክ ግን በትንሽ ጉተታ ይቀደዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እኔ ትራንስፓረንት የሚባለውን፣ ቀለም የሌለውን ሌስ መረጥኩና የተረፈውን ብር ፀጉሩ ላይ ጨመርኩት። የሌስ ቀለም ቤት ውስጥ ይስተካከላል፤ መጥፎ ፀጉርን ግን የሚያስተካክለው ነገር የለም።

የፀጉሩን ዓይነት የወሰንኩት የራሴን ፀጉር አይቼ ነው። የኔ ከርዳዳ ነው፤ ፎን ሲደረግ ይለሰልሳል እንጂ ሉጫ አይሆንም። ሉጫ ዊግ ባደርግ ጆሮ ሥርና ማጅራት ላይ ሾልኮ የሚወጣው የራሴ ፀጉር ያጋልጠኛል። ስለዚህ ኪንኪ ስትሬት የሚባለውን፣ ፎን የተደረገ ከርዳዳ የሚመስለውን ወሰድኩ። ፀጉሯ ዞማ የሆነ ስትሬት (ቀጥ ያለ) ወይም ቦዲ ዌቭ (ሞገድ ሞገድ ያለ) ይሄድላታል፤ ጎፈሬ የለመደች ኪንኪ ከርሊ (ጥቅልል ያለ ከርዳዳ) ትውሰድ። ቀለም ላይ ቁጥር 1 የሚሉትን ድፍን ጥቁር ትቼ 1ቢን፣ ለጥቁር የቀረበ ቡኒውን መረጥኩ። ቁጥር 1 ፀሐይ ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የብዙዎቻችን ፀጉር ግን ብርሃን ሲያርፍበት ቡኒ ቡኒ ይላል።

ዴንሲቲ የሚሉት የፀጉሩ ብዛት በመቶኛ ነው የሚጻፈው። 130 ለተፈጥሮ ፀጉር ይቀርባል፣ 150 ትንሽ ሞላ ያለ ነው። 180 እና 200 ለሠርግ ፎቶ ያምራሉ፤ ለሥራ ቀን ግን ራስ ያገዝፋሉ። እኔ ለ14 ኢንች 150 ወስጃለሁ። ፀጉሩ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ስለሚሳሳ ከ20 ኢንች በላይ የምትፈልግ 180 ብትወስድ አይበዛባትም። ኢንቹ የሚለካው ፀጉሩ ተስቦ መሆኑንም ልብ በይ፤ ጥቅልል ያለ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ራስ ላይ ሲወጣ በደንብ ያጥራል።

የራስ ልክ የሚወሰደው ከዊጉ ሥር የሚሆነው ሹሩባ ከተሠራ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ሹሩባ ራሱ ልክ ይጨምራል። በልብስ ሰፊ ሜትር ሦስት ቦታ ለካሁ፦ ከግንባር የፀጉር ጫፍ ተነስቶ ከጆሮ በላይ አልፎ በማጅራት ዙሪያውን፣ ከግንባር እስከ ማጅራት በመሀል አናት፣ እና ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ። መካከለኛ የሚባለው ካፕ፣ ማለትም ፀጉሩ የተሰፋበት ቆብ፣ ዙሪያው 22.5 ኢንች ወይም 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሰፋ ካፕ ግንባር ላይ ይጨማደድና ሌሱ ይነሳል፤ የጠበበው ራስ ያሳምማል፣ ቀስ እያለም ወደ ኋላ ይሸሻል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህትሽ ገዝታ የምትልክልሽ ከሆነ ከፎቶ ይልቅ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ላኪላት።

የሌሱ ስፋት በሁለት ቁጥር ይጻፋል። 13 በ4 ማለት ከጆሮ እስከ ጆሮ 13 ኢንች፣ ከግንባር ወደ አናት 4 ኢንች ማለት ነው። ፀጉሬን በመሀልም በጎንም ስለምከፍለው ይኼ በቂዬ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የምትከፍል 5 በ5 ክሎዠር፣ መክፈያው ላይ ብቻ ያለ ትንሽ ሌስ ይበቃታል፣ ይረክሳልም፤ ግን ፀጉሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሰብስቦ ማሰር አይቻልም። መጠንቀቅ ያለብሽ ቲ ፓርት ከሚባለው ነው። ከፊት ሲያዩት 13 በ4 ይመስላል፤ ሌሱ ግን ግንባር ላይ ያለች ቀጭን መስመርና መሀል ላይ ያለች አንዲት መክፈያ ብቻ ናት። ኦንላይን ስትገዢ የካፑን የውስጥ ፎቶ ሳታዪ ብር አትላኪ።

ሂውማን ሄር ነው የተባለውን ሁሉ አላምንም። ከተለያየ ቦታ ጥቂት ፍሬ ፀጉር ወስዶ ክብሪት ማስነካት ነው። የሰው ፀጉር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቃል። አርቴፊሻሉ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ከተለያየ ቦታ ያልኩት ቀላቅለው የሚሸጡ ስላሉ ነው። ቀጥሎ አንድ ዘለላ በሁለት ጣት ይዤ መጀመሪያ ከሥር ወደ ጫፍ፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር ሳብኩት። ጤነኛ ፀጉር ወደ ላይ ሲሳብ ሻከር ይላል። በሁለቱም በኩል እኩል የሚያንሸራትት፣ በዚያ ላይ ከመጠን በላይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቅርፊቱ በኬሚካል ተነስቶ ሲልከን ተቀብቷል ማለት ነው። ሲልከኑ በተወሰነ እጥበት ይሄዳል፣ ከዚያ ማጅራቱ መቋጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። እያንዳንዱ ፀጉር ሌሱ ላይ ታስሮ ነው የሚቆመው፤ ቋጠሮው ጥቁር ስለሆነ መክፈያው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ይህን ለማጥፋት ብሊች ፓውደርን (ቀለም ማንሻ ዱቄት) ከ20 ቮልዩም ዴቨሎፐር (ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ክሬም፤ ቁጥሩ ኃይሉ ነው) ጋር እንደ ገንፎ እስኪወፍር አማሰልኩ። ሁሉም ነገር ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። ከቀጠነ በሌሱ ቀዳዳ ያልፍና የፀጉሩን ሥር ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ይህ ከሆነ ሥሩን መልሶ ጥቁር መቀባት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ዊጉን ገልብጬ፣ ፀጉሩን ከሌሱ አርቄ አስሬ፣ ከውስጥ በኩል በቀለም ብሩሽ ሳልጫን ደባበስኩት። በፎይል ሸፍኜ በየ5 ደቂቃው እየገለጥኩ አየሁ። ቋጠሮው ፈካ ያለ ወርቃማ ቡኒ ሲሆን ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ይፍጠን ብሎ 40 ቮልዩም መጠቀም ወይም ነጭ እስኪሆን መጠበቅ ቋጠሮውን ስለሚበላው ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል። ፎይሉ ላይ ፎን ማድረግም እንደዚሁ ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ ቢጫነቱን ለመቀነስ ሐምራዊ ሻምፖ ለጥቂት ደቂቃ አቆየሁበት። ኮንዲሽነር ከመሀል ወደ ጫፍ ብቻ ነው፤ ቋጠሮ ከነካ ያላላዋል።

ትራንስፓረንት ሌስ ለጠይም ቆዳ ነጣ ይላል። ጠቆር ያለ ሻይ ያለ ስኳር አፍልቼ፣ ለብ ሲል ሌሱን ብቻ ለ5 ደቂቃ ያህል ነከርኩት። እርጥብ ሳለ ጠቁሮ ይታያል፣ ሲደርቅ ይፈካል። ስለዚህ ካልደረቀ አትፍረጂ። ያልደረሰውን በፓውደር ፋውንዴሽን ከውስጥ በኩል ሞላሁት። ቀለሙን የማመሳስለው ከፊቴ ሳይሆን ከፀጉሬ መክፈያ ጋር ነው፤ የራስ ቆዳ ፀሐይ ስለማያገኘው ብዙ ጊዜ ከፊት ይፈካል።

ወረንጦው የመጨረሻ ነው፣ ብዙ ዊግ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የግንባር መስመር ቀጥ ያለና ከጫፉ ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሰው ግንባር ግን ከፊት ሳሳ ብሎ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየሞላ ይሄዳል፣ መስመሩም ወጣ ገባ ይላል። ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ ፀጉሩን ከፈልኩና ከዚያ መስመር አንድ አንድ ፍሬ፣ ቦታ እየቀያየርኩ ነቀልኩ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መንቀል መላጣ ይፈጥራል፤ ሌስ ላይ ደግሞ የተነቀለ አይበቅልም። በየመሀሉ መስኮት ጋ ሄጄ በቀን ብርሃን አየሁት። ሊበቃ ትንሽ ሲቀረው ማቆም ይሻላል፤ ከተለበሰ በኋላ ጥቂት መጨመር ይቻላልና። ጆሮ አጠገብ ያለውን ከመሀሉ የበለጠ አሳሳሁት። ቤቢሄር፣ ማለትም ጠርዝ ላይ የሚተኙት አጫጭር ፀጉሮች፣ ከጆሮ ፊት ትንሽ ይበቃል፤ ግንባር ሙሉ በጄል የተጠቀለለ ቤቢሄር ሰው የሚያየው መጀመሪያ እሱን ነው።

ሲለበስ ትልቁ ስሕተት ወደ ግንባር ማውረድ ነው። ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ፤ የግንባርሽ መጨማደድ የሚያልቅበት አካባቢ የፀጉር መስመሩ ቦታ ነው። ሌሱን የቆረጥኩት በትንሽ መቀስ በዚግዛግ፣ 2 ሚሊ ሜትር ትቼ ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሌስ በፋውንዴሽን ላይም መስመር ሆኖ ይታያል።

ሙጫ አልተጠቀምኩም። ከኋላ ከጆሮ እስከ ጆሮ ላስቲክ አሰፋሁበት፤ ለ14 ኢንች ይበቃል። ሙጫ የግድ የሚላት መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታ 24 ሰዓት ትጠብቅ፣ ስታወጣም በማስለቀቂያው ታርጥበው እንጂ አትላጠው። በየጊዜው የሚጎተት የጠርዝ ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል፤ ጉተታው ከቀጠለ ላይመለስ ይችላል። በኬሞ ሕክምና ላይ ያለች ደግሞ ቆዳዋ ስለሚቆጣ ሐኪሟን ሳታማክር ሙጫ አታስነካ።

ነጠላ የምታዘወትር ማጅራቱን ቶሎ ቶሎ ታይ። የጥጡ መፋተግ ሥር ሥሩን ያቋጥረዋል፤ ከጫፍ ጀምሮ በጣት መፍታት እንጂ ከላይ በሚዶ መሳብ የለም። ፔስትራውን (የፀጉር መተኮሻውን) ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አላሳልፍም። ሻይው በየእጥበቱ እየለቀቀ ስለሚሄድ ሌሱ በደረቀ ቁጥር ፓውደሩን ከውስጥ እደግማለሁ።