ሰባቱን ፊርማ ተከትዬ

የግዥ ሥራችንን ዲጂታል ለማድረግ ስንነሣ ሶፍትዌሩን ቀድመን ገዛን፤ ሥራውን ራሱን ያየነው በኋላ ነው። በምሠራበት ፋብሪካ የግዥ መጠየቂያ ቅጹ 7 ፊርማ ነበረበት። ሰባቱንም እንዳሉ ወደ ኮምፒውተር አስገባናቸው። በሁለተኛው ወር አንድ የጥገና ሠራተኛ ቅጹን በኮምፒውተር ሞልቶ፣ በወረቀት አትሞ፣ ማህተም ለማስመታት ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳየው አፈርኩ።

እስከዚያ ድረስ ካይዘን፣ ማለትም ብክነትን እየቀነሱ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ለእኔ የማምረቻ ክፍሉ ጉዳይ ነበር፤ ወለል ላይ ቢጫ መስመር ማስመር፣ መፍቻዎችን በየልካቸው መስቀል። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ከዘረዘራቸው 7 ብክነቶች አንዱ ግን መጠበቅ ነው፤ ለመጠበቅ ደግሞ እንደ ቢሮ የሚመች ቦታ የለም። ፋብሪካ ውስጥ የተከማቸ ዕቃ መንገድ ይዘጋል፤ ቢሮ ውስጥ የተከማቸ ሥራ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ስለዚህ የአንዲት ኩሽኔታ መጠየቂያን ማስታወሻ ደብተር ይዤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከተልኳት። 11 ቀን ፈጀች። በእርግጥ የተሠራባት ጊዜ ሲደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሦስተኛውን ፈራሚ «ምን አይተው ይፈርማሉ?» ብላቸው «ሁለተኛው አይተውታል» አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ «ሦስተኛው ያዩታል ብዬ ነው» አሉ። መዝገብ ቤት ያሉትን እናት «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር ለማን ነው የሚመዘግቡት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ስቀጠርም ይመዘገብ ነበር።»

ፊርማዎቹን 2 አደረግናቸው። ይሁንና ከፊርማ የባሰው መመላለሱ ነበር። ጠያቂው «ኩሽኔታ፣ ትልቁ» ብሎ ይጽፋል፤ ገዢው መርካቶ ወርዶ ሌላ ልክ ይዞ ይመጣል። አሁን የዕቃውን መለያ ቁጥር ከዝርዝሩ ሳይመርጡ ቅጹን ማስተላለፍ አይቻልም፤ ቁጥሩ ሲመረጥም መጋዘን ውስጥ ያለው ብዛት አብሮ ይታያል። ስንት ጊዜ ያለንን ዕቃ ስንገዛ እንደኖርን ያወቅነው ያኔ ነው።

መቁረጡ ጥሞኝ የበጀት ማረጋገጫ ፊርማንም አብሬ አውጥቼው ነበር። በጀት ያልተያዘለት ፓምፕ ታዝዞ ዋጋው ሊከፈል ሲል ተደረሰበት፤ ፊርማውን በማግሥቱ መለስኩት፤ ሦስት ሆኑ። የእትዬን መዝገብ ግን እንዲቀር ባዝም እሳቸው አልተዉትም። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲዘጋ የየትኛው ዕቃ ትእዛዝ እንደወጣ የነገሩን ከዚያው መዝገብ እያነበቡ ነው።