ዱቄቱ የት ገባ?

ዳቦ ቤት ውስጥ የዱቄት መዝገብ የሚይዝ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም። እኔ መዝገቡን በያዝኩበት ሰሞን የማታው ፈረቃ ከቀኑ ይልቅ ብዙ ዱቄት ይጨርስ ነበር። ሁለቱም 6 ጊዜ ያቦካሉ። የሚያወጡት ዳቦ በቁጥር እኩል ነው። የሚሠሩበት ወረቀትም አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። 24 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ 1,850 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጨውና እርሾ በማንኪያ። ማታ ግን ከቀኑ 4 ኪሎ ያህል ዱቄት በላይ ይወጣል።

አለቃችን ብዙም አላሰበበትም። «ሌባ አለ» አለና ቦርሳ እንዲፈተሽ አዘዘ። ማታ የሚያቦኩት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ሲፈተሹ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ኩርፊያቸው ግን ከስድብ ይብስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላም ስሞታ ነበር። የማታው ዳቦ ድርቅ ይላል፣ ኩፍ አይልም፣ ሲቆረጥ ይፈረፈራል። መጀመሪያ እርሾው ተወቀሰ፤ ቀጥሎ ኦቨኑ፤ ቀጥሎ የሌሊቱ ብርድ። ሁለቱን ስሞታዎች አንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ነገሩን የፈታችው ቀን የምታቦካው ልጅ ናት። ፈረቃ ስትረከብ ማታ ተድቦልቡሎ የቀረ ሊጥ አነሳችና «ይሄ ነገር ከበደኝ» አለች። ሚዛን ላይ አወጣነው። አንድ ጊዜ የተቦካ ሊጥ 48 ቦታ ይከፈላል። የማታው ድብልብል ከቀኑ በአማካይ 14 ግራም ይበልጣል። ይህ በ48 ሲባዛ 672 ግራም ነው። ያ ደግሞ በ6 ሲባዛ 4 ኪሎ ከ32 ግራም። ዱቄቱ ከቤት አልወጣም። ሲጋገር ነው የከረመው።

እንዴት እንደገባ ለማየት ማታውን ጠበቅናቸው። «እትዬ፣ እስቲ እንደ ሁልጊዜው ጥቂት ኩባያ ይስፈሩልን» አልናቸው። ኩባያውን ጆንያው ውስጥ ሰደዱት፣ ጫን አድርገው ዛቁ፣ አፉን በእጃቸው ጠረጉት። አንድ ላይ መዝነን ስናካፍለው አንዱ ኩባያ 148 ግራም። ልጅቷ ደግሞ ዱቄቱን መጀመሪያ በማንኪያ ታናፍሰዋለች፤ ከዚያ በማንኪያ እየጨለፈች ኩባያውን ትሞላለች፤ በመጨረሻ በቢላ ጀርባ ታስተካክለዋለች። 120 ግራም። ኩባያው ያው ነው፤ ሁለቱም አፉን ልክ ጠርገውታል። የሚለየው በዱቄቱ መሃል የቀረው አየር ነው። ጆንያ ውስጥ ተደራርቦ የከረመ ዱቄት ይጠቀጠቃል፤ ሲዛቅ ደግሞ ይብስበታል። በወንፊት የተነፋ ከሆነ ከ120 ግራምም ሊወርድ ይችላል።

28 ግራም ሲሰማ ትንሽ ነው። 24 ጊዜ ሲደጋገም ግን ሌላ ሊጥ ይሆናል። ጋጋሪ ውሃን የሚያሰላው ከዱቄቱ ክብደት በመቶኛ ነው። በልጅቷ አሰፋፈር ዱቄቱ 2,880 ግራም ስለሚሆን ውሃው 64 በመቶ ይደርሳል። በእትዬ አሰፋፈር 3,552 ግራም ነው፤ ያው ውሃ ወደ 52 በመቶ ይወርዳል። በ64 የተቦካ ሊጥ ለስላሳ ነው። በ52 የተቦካው ክንድ ያደክማል፣ ኩፍ ለማለትም ይቸገራል። ምስኪኑ እርሾ በከንቱ ነበር ስሙ የጠፋው። አለቃችንም እትዬን ይቅርታ ጠየቀ፤ እያጉተመተመ ቢሆንም።

ቀጥሎ «ወረቀቱን ወደ ግራም እንቀይረው» ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አለቃችን ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። አንዱ ሠንጠረዥ ኩባያውን ዱቄት 120 ግራም ይለዋል፤ ሌላው 125። አንዱ ጭራሽ 237 አለው! ይሄኛው የውሃ ክብደት ነው። የአሜሪካኖቹ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ግራም ይመዝናል። ዱቄት ግን የዚያን ግማሽ ገደማ ነው የሚመዝነው። በ237 ብንሠራ ኖሮ ሊጥ ሳይሆን ፍርፋሪ ነበር የምናገኘው። ኩባያ ራሱም አንድ ወጥ አይደለም፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝም አለ።

እኔ ሠንጠረዡን ተዉት አልኩ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው በምን ዓይነት ኩባያ፣ እንዴት አድርጎ ይሰፍር እንደነበር ሠንጠረዡ አያውቅም። ጥሩ ዳቦ የሚወጣው በማን እጅ ነው? በልጅቷ። እንግዲያው እሷ እንደለመደችው 24ቱንም ትስፈር፣ ድምሩን እንመዝን፣ ያ ቁጥር ይጻፍ። አንዱን ኩባያ መዝኖ በ24 ማባዛትም ደስ አላለኝም፤ እጅ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ድምሩ ለ2,900 ግራም ጥቂት ፈሪ ሆነ። 2,900 ብለን ጻፍነው። ውሃውንም በዚያው ሚዛን 1,850 ግራም አልነው።

እትዬ መጀመሪያ ሚዛኑን አልወደዱትም። «በዚህ ዕድሜዬ በማሽን ልለካ?» አሉ። ባዶው ባልዲ ተቀምጦ ቁልፉ ሲጫን ቁጥሩ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ ሲያዩ ግን ለዘብ አሉ። መሃል ላይ ሰው ሲያናግራቸው ስንተኛው ኩባያ ላይ እንደደረሱ ይጠፋባቸው እንደነበር የነገሩንም ያኔ ነው።

ጨውን ወደ ግራም መለወጥ አላከራከረም። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ነው፤ ሻካራው ግን በመሃሉ ክፍተት ስላለው በዚያው ማንኪያ ያነሰ ይመዝናል። እኛ ደግሞ የተገኘውን ነበር የምንገዛው። ያከራከረን እርሾው ነው። ትልቁ ሚዛናችን የሚቆጥረው በ10 ግራም በ10 ግራም ነው። ለአንድ ቡኮ የሚገባው ደረቅ እርሾ ደግሞ 30 ግራም ገደማ። እንዲህ ባለ ሚዛን 26ም ሆነ 34 ግራም ብትጭንበት 30 ሊልህ ይችላል። ስለዚህ እርሾው በማንኪያ ቆየ፤ ማንኪያ ሙሉ ሆኖ በቢላ የተጠረገ። በኋላ 0.1 ግራም የምትለይ ትንሽ ሚዛን ተገዛች። እሷም ለእርሾ ብቻ ናት፤ ዱቄት እንዳይገባባት ከላይ መደርደሪያው ላይ ትቀመጣለች።